የበሬ ዓይን የሚመሰክረው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከደሴ፣ ሁለቱ ከኮምቦልቻ የተላኩት ጸሐፊዎቹ ተመካክረው የጻፏቸው እስኪመስል ድረስ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ሕይወት ያለው ነገር በዝግመተ ለውጥ መጣ ወይስ ነዳፊ ሠራው በሚለው ላይ፣ ያተኮሩ ሆነው አግኝተናቸዋል። ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይተን ለእነዚህ ብቻ መልስ እንሰጣለን። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ የሚፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ዝግመተ ለውጥ በማስተምርበት ዕለት አንዲት ተማሪ ተነሥታ «መምህር፣ ዓይን ከክፍሎቹ አንዱ ቢጎድል አያይም። ታዲያ እንዴት ጥቂት በጥቂት ሊሠራ ቻለ? ግማሽ ዓይንስ ለማን ይጠቅማል? ነዳፊ አለው ብንል አይሻልም?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ደገፋት። እኔም ራሴ አማኝ ነኝ። «ይህ ለፈተና አይመጣም» ብዬ አለፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ኅሊናዬ አልተረጋጋም። ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባለው፣ ሕይወት ያለው ነገር አዋቂ ነዳፊ አለው የሚለው ክርክር ሳይንስ ነው? ለተማሪዎቼስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ መምህር፣ ተማሪዎ ያነሣችው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ፔሊ እ.ኤ.አ. በ1802 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ክርክር ይኸው ነበር። ፔሊ ምሳሌውን የወሰደው ከኪስ ሰዓት ነው፤ እኛ ወደ አገራችን እናምጣው። በቦርከና ወንዝ ዳር የሚሄድ ሰው ድንጋይ ቢያገኝ «ከጥንትም እዚሁ ነበር» ብሎ ያልፈዋል፤ ጀበና ቢያገኝ ግን አንገቱንና እጀታውን አይቶ ይህን የሠራ ሸክላ ሠሪ እንዳለ ያለ ጥርጥር ያውቃል። ዓይን ደግሞ ከጀበና እጅግ የረቀቀ ስለሆነ የበለጠ ሠሪ ያስፈልገዋል የሚል ነው ነገሩ። ዳርዊን በወጣትነቱ በካምብሪጅ ሲማር ይህን ክርክር አንብቦ አድንቆታል። እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍም ዓይን በተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም የሚጠቅመው ልዩነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተረፈ፣ ተሠራ ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የማይታመን እንደሚመስል ራሱ አልሸሸገም፤ ያንን ካለ በኋላ ነው ማብራሪያውን የቀጠለው። ስለዚህ ተማሪዎ ዳርዊን ያላሰበውን አልጠየቀችም፤ ዳርዊን ከሁሉ በላይ የተጨነቀበትን ነው የጠየቀችው።

እኔም ይህን ክርክር በሙሉ ልቤ ያስተማርኩበት ጊዜ ነበር። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ሆጤ አካባቢ ካለ ሥጋ ቤት ሁለት የበሬ ዓይን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ክፍል ገባሁ። ነጩን ቅርፊት ዙሪያውን በምላጭ ቆርጬ ለሁለት ስከፍለው እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ፣ ጥርት ያለ ነገር ወጣ፤ ከፊተኛው ግማሽ ደግሞ በትልቅ ምስር አምሳል የተሠራች ሌንስ ተላቀቀች። ሌንሷን በጋዜጣው ጽሑፍ ላይ ሳስቀምጣት ከሥሯ ያለው ፊደል ጎልቶና ገዝፎ ታየ። ከበሬ ጭንቅላት የወጣ ነገር ጋዜጣ ሲያነብ ያዩት ልጆች በድንጋጤ ዝም አሉ። እኔም «ይህን ያየ ሰው ሠሪ የለውም ሊል ይችላልን?» አልኩ። ይህን ስል ከልቤ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያ ድንቅ የማለት ስሜት አልለቀቀኝም።

የኋላውን ግማሽ የያዘው ተማሪ ግን ውስጡን የለበሰውን ስስ፣ ግራጫ ሽፋን በወረንጦ ይጎትት ነበር። ሽፋኑ እንደ ወተት ስልባቦት ከሁሉም ቦታ ተገፎ መጣ፤ በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ግን እንደ ተሰፋ ሆኖ አልላቀቅ አለ። ያ ሽፋን ሬቲና ነው፤ ያቺ ነጥብ ደግሞ የዕይታ ነርቭ ወደ አንጎል ለመሄድ ዓይንን ቀዶ የሚወጣባት ቦታ ናት። ልጁ «ለምን ከውስጥ ወደ ውጭ መቅደድ አስፈለገው? ነርቩ ከመጀመሪያው ከውጭ በኩል ቢሆን አይሻልም ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ዓመት ማንበብ ነበረብኝ፤ ለእርስዎም የምመልሰው ከዚያ ንባብ ነው።

በመጀመሪያ የግማሽ ዓይንን ነገር እንመልከት። «ግማሽ ዓይን ለማን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ኃይል የሚያገኘው እኛ ግማሽ ዓይንን ሌንሱ የተሰበረ የሰው ዓይን አድርገን ስለምናስበው ነው። በተፈጥሮ ግን ከእኛ ያነሰ ዓይን ይዘው ዛሬም የሚኖሩ ፍጥረታት አሉ። ፕላናሪያ የተባለው ጠፍጣፋ የውኃ ትል ያለው ብርሃን የሚለዩ ሕዋሳት የተኙበት ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ብቻ ነው፤ ምስል አያይበትም፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ግን ያውቅበታልና ከብርሃን ሸሽቶ ይሸሸጋል። ናውቲለስ የተባለው የባሕር እንስሳ ጎድጓዳው ጠልቆ፣ አፉ ጠብቦ፣ እንደ ቀዳዳ ካሜራ ሆኖለታል፤ ሌንስ ግን የለውም። ሌሎች ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ቀዳዳውን የሚደፍን ጥርት ያለ ነገር አላቸው። እያንዳንዱ ደረጃ ለባለቤቱ ካለፈው ደረጃ የተሻለ ነው። ዳን ኤሪክ ኒልሰንና ሱዛን ፔልገር የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ስሌት፣ ብርሃን ከሚለይ ጠፍጣፋ ቆዳ ተነሥቶ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ በመቶ ብቻ እየተለወጠ፣ ሌንስ ያለው ዓይን ላይ ለመድረስ ከ400 ሺህ ያነሰ ትውልድ እንደሚበቃ አሳይተዋል። ይህ ስሌት ነው እንጂ በዓይን የታየ ታሪክ አይደለም፤ ብርሃን የሚለየው ሕዋስ ራሱ ከየት እንደመጣም አይነግረንም። ነገር ግን «ጥቂት በጥቂት ሊሆን አይችልም» የሚለውን አባባል ያፈርሰዋል።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስ፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚመዝነው እሱ ነውና። በሰውም ሆነ በበሬ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ብርሃኑ ሳይሆን ወደ ኋላ ነው። የነርቭ ክሮቹና የደም ሥሮቹ ከፊታቸው ተዘርግተዋል። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉት ክሮች ተሰብስበው ወደ አንጎል ለመሄድ ሬቲናውን ሰንጥቀው መውጣት ስላለባቸው በዚያ ቦታ ላይ ዓይናችን ምንም አያይም። ይህንን ተማሪዎችዎ በአንድ ደቂቃ ራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። በወረቀት ላይ በግራ በኩል መስቀለኛ ምልክት፣ ከእሱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል በስተቀኝ ደግሞ ደማቅ ነጥብ ያድርጉ። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኝ ዓይናቸው መስቀለኛውን ብቻ ትክ ብለው እያዩ ወረቀቱን በዝግታ ያቅርቡት። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ በቦታው ባዶ ወረቀት ብቻ ይታያል። ጉድለቱን አንጎላችን በግምት ስለሚሞላው ዕድሜያችንን ሙሉ ሳናውቀው እንኖራለን። ኦክቶፐስ የተባለው የባሕር እንስሳ ግን ከእኛ ጋር የሚመሳሰል፣ ሌንስ ያለው ዓይን ይዞ የነርቭ ክሮቹ ከኋላ በኩል ስለተያያዙ እንዲህ ያለ ዕውር ነጥብ የለበትም።

የንድፍ ክርክር ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውንም ሳልናገር ብቀር በደል ይሆናል። ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት እጅግ ብዙ ደም ስለሚፈልጉ ከኋላቸው ካለው የደም ሥር ምንጣፍ ጋር ተጠግተው መቀመጣቸው ይጠቅማቸዋል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናትም ሙለር የተባሉት ሕዋሳት ብርሃኑን በክሮቹ መካከል እንደ ቧንቧ እንደሚያሳልፉት አሳይቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን በተጣመመ ግድግዳ ላይ በር ቀጥ ብሎ እንዲዘጋ ያደረገ አናጢ ብልኃተኛ ቢባልም ግድግዳው ለምን ተጣመመ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ሁሉ ሬቲና የሚበቅለው ከፅንሱ አንጎል ላይ ወደ ውጭ አብጦ ከሚወጣ ክፍል ነው፤ አንጎሉ ራሱ ደግሞ የሚሠራው የፅንሱ ጀርባ እንደ ቧንቧ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሆነ ቀድሞ ወደ ውጭ የነበረው ፊት ወደ ውስጥ ይዞራል። የዓይናችን አገጣጠም የዚያ ታሪክ ውጤት ነው። ኦክቶፐስ ዓይኑን የሚያበቅለው ከቆዳው ስለሆነ ሌላ ታሪክ አለው።

ተመሳሳይ ነገር በቤትዎ ማየት ይችላሉ። በአረፋ ወይም በፋሲካ በግ ሲታረድና አንገቱ ሲከፈት ከአየር ቧንቧው ጎን ለጎን የሚሄድ ቀጭን ነጭ ክር ይፈልጉ። ይህ ማንቁርትን የሚያዝ ነርቭ ነው። ከአንጎል ተነሥቶ ማንቁርት ለመድረስ የሚያስፈልገው ርቀት ከስንዝር አይበልጥም፤ እሱ ግን ማንቁርቱን አልፎ ወደ ደረት ይወርዳል፣ በግራ በኩል ከልብ በሚወጣው በትልቁ የደም ሥር ሥር ይዞራል፣ ከዚያም የመጣበትን መንገድ ወደ ላይ ተመልሶ ይወጣል። በእኛም እንዲሁ ነው፤ በቀጭኔ ደግሞ ትርፍ መንገዱ ብዙ ሜትር ይሆናል። ከደሴ ወደ ሐይቅ ለመሄድ ኮምቦልቻ ወርዶ እንደ መመለስ ያለ ነገር ነው። ምክንያቱ ግልጽ የሚሆነው ዓሣን ሲያዩ ነው፤ በዓሣ አካል ይኸው ነርቭ ወደ ስንጥብ ከሚሄድ የደም ሥር ኋላ በቀጥታ ያልፋል፤ ልቡም እዚያው ጉሮሮው አጠገብ ነው። አንገት ሲረዝምና ልብ ወደ ደረት ሲወርድ ነርቩ በደም ሥሩ ተይዞ አብሮ ተጎተተ። ነርቩን ቆርጦ እንደገና የሚቀጥል እጅ አልነበረም።

የፔሊ ምሳሌ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጀበና ጀበና አይወልድም። ሸክላ ሠሪዋ ያለፈው ዓመት ጀበና አልስማማ ካላት ጭቃውን አፍርሳ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሕይወት ያለው ነገር ግን ከወላጁ ይወለዳል፤ ከወላጁም ትንሽ ይለያል፤ ከልዩነቱ የሚጠቅመው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ልዩነቱ በአጋጣሚ ይመጣል፤ የሚተርፈው ግን በአጋጣሚ አይደለም። «ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ሆነ ትላላችሁን?» የሚለው ተደጋግሞ የሚሰማ ክስ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ የሚረሳ ነው።

ኢንተለጀንት ዲዛይን በሚል ስም ክርክሩን ካደሱት አንዱ በአሜሪካ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ምሁር ማይክል ቢሂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ከዓይን ወደ ሕዋስ ውስጥ ወርዶ፣ አንድ ክፍል ቢቀነስ ፈጽሞ የማይሠራ ነገር ጥቂት በጥቂት ሊመጣ አይችልም ሲል ተከራከረ። ምሳሌዎቹ የአይጥ ወጥመድ፣ ባክቴሪያ የሚዋኝበት ፍላጀለም የተባለው ጅራትና የደም መርጋት ናቸው። ብዙ አንባቢያን የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ ቢሂ የሰውና የዝንጀሮ ዝርያዎች የጋራ አያት እንዳላቸው የሚቀበል መሆኑ ነው፤ ክርክሩ ለውጡን የመራው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ክርክሩን ለመጽሐፈ ፍጥረት ቃል በቃል ትርጉም መከላከያ አድርገው የሚጠቅሱት ሰዎች ባለቤቱ ያላለውን እየተናገሩ ነው።

የደም መርጋትን ብቻ እንውሰድ። ደማችን እንዲረጋ ከአሥር በላይ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሱ በሰልፍ መሥራት አለባቸው፤ አንዱ የጎደለበት ሰው ሄሞፊሊያ ይዞት በትንሽ ቁስል ሊደማ ይችላል። ይህ ክርክሩን የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ከእነዚህ አንዱ፣ 12ኛው ፋክተር የሚባለው፣ የላቸውም፤ ደማቸው ግን ይረጋል። ይህ ፋክተር የሌላቸው ሰዎችም አሉ፤ እነሱም ከሌላው ሰው በላይ አይደሙም። በተጨማሪም ከእነዚህ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው፣ እንዲሁም በአንጀታችን ሥጋ ከሚፈጨው ትሪፕሲን ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳላቸው ከአሠራራቸው ይታወቃል፤ አንድ ዘረመል በስሕተት ሁለት ሆኖ ሲገለበጥ አንደኛው የቀድሞ ሥራውን ይዞ ሌላው አዲስ ሥራ ሊለምድ ይችላል። መጀመሪያ የሚጠቅም ብቻ የነበረ ነገር ውሎ አድሮ የግድ ይሆናል። ደሴ ያለ ኤሌክትሪክ ብዙ ዘመን ኖራለች፤ ዛሬ መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ ባንኩ ይዘጋል። ይህ ግን ከተማይቱና መብራቱ በአንድ ቀን ተፈጠሩ ማለት አይደለም።

ሳይንስ ነው ወይ ላሉት፣ ጥያቄው በፍርድ ቤት ጭምር ታይቷል። በፔንሲልቫኒያ የዶቨር ከተማ የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ ክርክር ለተማሪዎች እንዲጠቀስ ስለወሰነ ወላጆች ከሰሱ። ቢሂ ለቦርዱ መሰከረ፤ ኬኔት ሚለር የተባለው የሥነ ሕይወት ምሁር ለወላጆቹ መሰከረ። ዳኛው ጆን ጆንስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2005 በሰጡት ፍርድ ክርክሩ ሳይንስ እንዳልሆነ ወሰኑ። እኔ ግን የዳኛ ቃል ለአንድ መምህር ይበቃዋል አልልም። የሚበቃኝ ምክንያት ይህ ነው፦ ዓይን ሲያምር የነዳፊ ጥበብ፣ ዕውር ነጥብ ሲገኝ የነዳፊ ምሥጢር የሚል ማብራሪያ ነገ በግ አንገት ውስጥ ምን እንደምናገኝ አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም። የተገኘው ሁሉ የሚስማማው ማብራሪያ ሊፈተን አይችልም።

ሚለር ካቶሊክ አማኝ ነው። የሰውን ዘረመል በሙሉ ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስም እምነቱን በአደባባይ የሚናገር ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱም ዝግመተ ለውጥን ይቀበላሉ። ስለዚህ ለተማሪዎ «ፈጣሪ የለም» ማለት አይጠበቅብዎትም፤ እንዲህ ማለት የባዮሎጂ መምህር ሥልጣንም አይደለም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን «ዓይን እንዴት እንደተሠራ የምናውቀውን ላሳይሽ፤ ማን ፈቀደው የሚለውን ከወላጆችሽና ከሃይማኖት አባቶችሽ ጋር ተነጋገሪበት» እላት ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ እምነቱን «ሳይንስ ይህን ሊያብራራ አይችልም» በሚል ክፍተት ላይ እንዲያቆም ካስተማርነው፣ ክፍተቱ በተዘጋ ቀን ሁለቱንም ያጣል። እኔ ያንን ስሕተት በሁለት የበሬ ዓይን ፊት ሠርቻለሁ፤ ልጁም ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ከክፍል ወጥቷል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በማዋለጃ ክፍል የማየው ነገር ያስጨንቀኛል። ፍየል ማንም ሳይረዳት ትወልዳለች፤ ሴት ልጅ ግን ሁለት ቀን አምጣ ልጇንም ራሷንም የምታጣበት ጊዜ አለ። አካላችን በጥበብ የተነደፈ ነው ሲባል ስሰማ መልስ አጣለሁ። ዝግመተ ለውጥ ነው ከተባለስ ይህን ያህል የሚገድል ነገር እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ከእርስዎ የተሻለ ሊጠይቅ የሚችል የለም። የመልሱ መጀመሪያ ከእርስዎ ከተማ ሩቅ አይደለም። ከኮምቦልቻ በባቲ አልፎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ በአፋር ወደ ሐዳር ያቀርብዎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው። የዳሌዋ አጥንት አጭርና ሰፊ ነው፤ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር፤ የአንጎሏ መጠን ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም። በዚያው አካባቢ በዲኪካ፣ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ያገኛትና የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን ሰላምም ይህንኑ ትመሰክራለች፤ እግሯ ለመራመድ፣ ትከሻዋ ለመንጠላጠል የተመቸ ነበር። መጀመሪያ ቆመን ሄድን፤ አንጎል የተለቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ የአዋቂ ሰው አንጎል በአማካይ 1,350 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቆሞ ለመሄድ የተስተካከለው ዳሌ በኋላ ለመጣው ትልቅ ጭንቅላት መንገዱን አጠበበው።

ሆኖም ለውጡ በዚያ አልቆመም። ሕፃኑ በሚወለድበት ጊዜ ጭንቅላቱን እንዴት እንደሚያዞር፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ እንዴት እንደሚጠብ በእጅዎ ያውቁታል። እርግብግቢት የምንለው ለስላሳ ቦታ የዚያ ማስታረቂያ ምልክት ነው። የሰው ልጅ ከሌሎች የዝንጀሮ ወገኖች ይልቅ ገና አቅመ ደካማ ሆኖ የሚወለደውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዋናው ምክንያት የእናቲቱ አካል ከዚያ በላይ ፅንሱን መመገብ አለመቻሉ ነው ይላሉ፤ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ ላሉት፣ ተፈጥሯዊ ምርጫ ፍጹም ነገር አይፈልግም። ትልቅ አንጎልና ጥሩ አካሄድ የሚሰጡት ጥቅም በምጥ ከሚደርሰው ጉዳት በድምሩ ከበለጠ፣ ጉዳቱ እንዳለ ይቀጥላል። የእያንዳንዷ እናት ስቃይ በዚያ ድምር ውስጥ አይታይም። የሚያየው እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው። ምጥ ሲረዝም በጊዜ ወደ ሆስፒታል መላክና በቀዶ ሕክምና ማዋለድ እናቲቱን ከሞትና ከፊስቱላ የሚያተርፈው ለዚህ ነው፤ ምጡ የማንም ቅጣት አይደለም፤ በምጥ ላይ ላለች ሴት ይህን መንገር ራሱ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ አቅራቢያ በቃሉ ወረዳ ገበሬ ቤት ያደግሁ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። አባቴ የማሽላ ዘር የሚያስቀረው ራሱን እየመረጠ ነው። መምህራችን ይህን የዝግመተ ለውጥ ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። ነገር ግን አባቴ አእምሮ አለው፤ ይህ እንዲያውም ያለ አዋቂ መሻሻል እንደማይመጣ አያሳይምን?

መልስ፦ ጥሩ አስተውለዋል፤ ግን አባትዎ የሚመርጡት አስቀድሞ የመጣውን ልዩነት ነው። በወሎ ገበሬዎች ዘንድ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። ገበሬው እሸቱን ጠብሶ ሲበላው ስለጣመው ስም አውጥቶለት፣ ምርቱ አነስተኛ ቢሆንም ከሌላው ጋር ቀላቅሎ እየዘራ አቆየው። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተገኙ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር በብዛት እንዳላቸው ሲያሳውቁ ያ በአንድ ዘረመል ለውጥ የመጣ እንደሆነ ታወቀ። ለውጡን ያመጣው ገበሬ የለም፤ የገበሬው ድርሻ ቀምሶ ማቆየት ነበር።

መምረጥ ደግሞ ሁልጊዜ ሐሳብ አይጠይቅም። የዱር ማሽላ ሲደርስ ዘሩን ራሱ ያረግፋል፤ የሚባዛው እንዲያ ነውና። በምሥራቅ ሱዳን ከካሰላ አቅራቢያ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት በተሠሩ ሸክላዎች ላይ የቀሩ የማሽላ ገለባ አሻራዎች ከዱር ወደ ማሳ የሚደረገው ለውጥ በጅምር ላይ እንደነበረ ያሳያሉ፤ በአንድ ሸክላ ጭቃ ውስጥ የሚረግፈውም የማይረግፈውም ገለባ አብሮ ይገኛል። የዚያ ዘመን አጫጆች የማይረግፍ ዘር ለማበጀት አላሰቡም። የረገፈው መሬት ላይ ቀረ፤ ያልረገፈው ከታጨደው ጋር ወደ ቤት ገባ፤ በሚቀጥለው ክረምት የተዘራውም እሱ ሆነ። ድርቅ፣ ብርድና ወፍም በዱር እንዲሁ ይመርጣሉ፤ ሳያስቡ።

በጥቅምትና በኅዳር ወደ ቤት ሲሄዱ ማሳ ዳር የበቀለ የዱር ማሽላ ካገኙ፣ የደረሰውን ራስ በእጅዎ ነካ አድርገው ይዩት፤ ዘሩ መዳፍዎ ላይ ይራገፋል። ከአባትዎ ማሳ ውስጥ የተቆረጠውን ግን አውድማ አውጥተው በዱላ መውቃት ይኖርብዎታል።